ኬልስቢ የሚባሉ ስንት ናቸው?

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ወረቀት መገልበጥ ነበር። ኦፊሱ ኦክላንድ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አለቃዬ ዳያን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ቀጭን ሴትዮ ነበረች። የጥጥ ጓንት ሰጠችኝና አንድ ሳጥን ሙሉ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስካነሩ አጠገብ አስቀመጠች። "ወረቀቱን አትጫኚው። ጥግና ጥጉን ይዘሽ አስተኚው። ፊቱን ስካን ካደረግሽ በኋላ ገልብጪና ጀርባውን እዪ። ባዶም ቢሆን እዪ" አለችኝ።

"ባዶ ከሆነ ምኑን አየዋለሁ?"

"ባዶ መሆኑን" አለች።

ሴትዮዋን ነካ ያደርጋታል እንዴ ብዬ አየኋት። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርቼ፣ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰው ነኝ። "ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም" እያልኩ ስንቱን ፎርም ሞልቻለሁ። አሁን ደግሞ ወረቀት መገልበጥ ልማር? በሆዴ ሳቅኩባት። ለማንኛውም ገለበጥኩ።

ሥራችን የሰው ስም ነው። ፈረንጅ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም አለው። ደንበኛው ይመጣና "ስሜ ከየት መጣ? ዛሬስ ስንት ሰው ይጠራበታል?" ብሎ ይጠይቃል። እኛ ፈልገን መልሱን በሪፖርት እንሰጠዋለን።

መነሻውን መዝገብ ይነግርሃል። ብዛቱ ግን ጉልበት ይፈልጋል። የስልክ ማውጫው፣ የጋብቻውና የሞቱ መዝገብ፣ የመቃብሩ ዝርዝር ይሰበሰባል። የሞተው ይሰረዛል። ቤት የቀየረው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይጣራል። የቀረው አንድ በአንድ ኮል ይደረጋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ሰው ሳይፈርም ለደንበኛው ቃል አይተነፈስም። የቤቱ ሕግ ይሄ ነው።

ማዕረጉም እንደዚሁ ቅደም ተከተል አለው። ስካነር ትሆናለህ፣ ቀጥሎ ስሞቹን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባ ኢንዴክሰር፣ ከዚያ ሪሰርቸር። ከላይ ሁሉን የሚመራው ሊድ አለ። ከስካነር እስከ ሪሰርቸር ለመውጣት ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንግሊዝኛዬን በማታ ትምህርት፣ የድሮውን የእጅ ጽሕፈት ደግሞ በዓይኔ ብርሃን ነው የገዛሁት።

ሳምራዊትን ያገኘኋት ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወሯ ነበር። አንድ እሑድ አምልኮው ሲያልቅ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆማ ታለቅሳለች። "እትዬ ወይንሸት፣ ሥራ አጣሁ፤ ይጸልዩልኝ" አለችኝ። ጸለይኩላት። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሲቪዋን ይዤ ዳያን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ጓንት አጠላለቁን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "ገልብጪ፣ ባዶም ቢሆን ገልብጪ" ያልኳትም እኔው ነኝ።

ልጅቷ በሁለት ዓመት ሪሰርቸር ሆነች። ሁለት!

እንግዲህ ልናገረው፤ ቀናሁ። ሰው "ቅር አለኝ" ይላል፣ "ከፋኝ" ይላል፤ እኔ ግን ቀናሁ። ዳያን ስትስቅ አንጀቴ ያርራል፤ ምክንያቱም ያሳቀቻት እሷ ናት። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ሰጧት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬን አመመኝ። "ሳም" ብለው ስሟን አቆላመጡላት፤ እኔን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "ወይን" ብሎ የጠራኝ የለም። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያልኩ ለልጄ በስልክ አማርር ነበር። ልጄ ሚልፒታስ ነው የምትኖረው። "እማዬ፣ ልጅቷ ምን አደረገችሽ?" ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ምንም አላደረገችኝማ!

ከዚያ የሳን ሆዜ ወሬ መጣ። ዳያን እዚያ አንድ ክፍል ልትከፍት ነው፤ ሊድ ሆኖ የሚሄድ ሰው ትፈልጋለች። ከሳን ሆዜ ሚልፒታስ ቅርብ ነው፤ የልጅ ልጆቼን ከሥራ መልስ ላያቸው እችላለሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደግሞ ያቺን ማዕረግ አንድ ጊዜ በስሜ ማየት ፈለግኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለጸሎት አቀረብኩት። ሳምራዊት ከፊቴ ባለው ወንበር ተቀምጣ "አሜን!" አለች፤ ድምፅዋ ከሁሉም በልጦ ተሰማ። እሱም አናደደኝ።

ሚስተር ኬልስቢ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ፣ አልባኒ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ ሁለቱ እህቶቻቸው አግብተው የባላቸውን ስም ይዘዋል። በትራስ ልብስ የጠቀለሉትን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የዘራቸው ስም በብዕር ተጽፏል፤ አባት፣ የአባት አባት፣ የሱም አባት፣ ገጹ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እዚህም ላይ ቀናሁ። እኛ ቤት ሰባት ቤት መቁጠር የሚችለው አባቴ ነበር፤ እኔ አራተኛው ላይ እደናቀፋለሁ። ለሳቸው ግን ወረቀቱ ይቆጥርላቸዋል።

አንዱ ስም በወፍራም ቀለም ተሰርዟል። "ይሄስ?" አልኳቸው።

"የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከአያቴ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ። አያቴ ሰረዙት። ቤታችን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም" አሉ። ከዚያ መጽሐፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የመጨረሻው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ኬልስቢ አለ? ካለ ይህን መጽሐፍ ለሱ ልስጥ። ከሌለም እርምህን አውጣ በሉኝ።"

ዳያን ሥራውን ከፋፈለችው። መነሻው ለእኔ፣ ብዛቱ ለሳምራዊት። እሳቸው የጠየቁት ብዛቱን! ዋናው ሥጋ ለሷ፣ አጥንቱ ለኔ።

አጥንቱን ጋጥኩት። ስሙ የመንደር ስም ነው። በድሮ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች የእንግሊዝን ሰሜን ሲሰፍሩበት፣ መንደሩን ባቀናው ሰው ስም ይጠሩት ነበር። ኬልስቢም "የኬል መንደር" ማለት ነው። መንደሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ያንን የያዘው ቤተሰብም ጥቂት ነበር፤ ሴት ልጅ ሲወልድ፣ ወንዱ ሲሰደድ፣ ሲሞት፣ እያለ እያለ መነመነ። እንዲህ ላለ ብርቅ ስም ሙያችን አንድ ደንብ አለው፦ የሚጠሩበት ሁሉ የአንድ ሰው ዘር ናቸው።

አንድ ዓርብ ሳምራዊት ምሳ ወጥታ ፎልደሯ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። አየሁት። ዙሪያዬን ቃኘሁና ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የስሞች ዝርዝር አለ፤ ሁሉም ተሰርዘዋል፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። አንዱ የአልባኒው ሽማግሌ ናቸው። ሌላው "ኢ. ኬልስቢ፣ ሳን ሆዜ" ይላል፤ ከጎኑ ስልክ ቁጥር አለ።

ወይ ጉድ! አግኝታ ደብቃዋለች! ሰኞ ስብሰባ ላይ ለዳያን ዘርግታ፣ ሊድነቱን ልትወስድ ነው አልኩ። ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌ ፎልደሩን ዘጋሁት።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ለኢ. ኬልስቢ በእንግሊዝኛ ቴክስት አደረግኩ። ከየትኛው ኦፊስ እንደሆንኩ፣ ስሙን እያጠናን እንደሆነ፣ አንድ ሽማግሌ ይዤ ልመጣ እንደምፈልግ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። "ከናንተ ኦፊስ ቀድሞ ተደውሎልኛል። አዎ፣ ላስት ኔሜ ነው። ነገ ከሰዓት ኑ።"

"ቀድሞ ተደውሎልኛል" የሚለውን ሳነብ ዓይኔ ደም ለበሰ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተደውሎ ከነበረ ልጅቷ ምን አወቀች?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ "ልትቀድመኝ ነው" ብቻ አልኩ። ለሚስተር ኬልስቢ ደወልኩ። ፊርማም፣ ሁለተኛ ሰውም፣ የቤቱ ሕግም ትዝ አላለኝም።

"ዘመድ አግኝቼልዎታለሁ" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

"ይህን ስም የያዘ ሁሉ የእርስዎ ሥጋ ነው" አልኳቸው።

ቅዳሜ በመኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ። ክራባት አስረዋል። ሲላጩ አገጫቸውን ቆርጠው ትንሽ ወረቀት ለጥፈውበታል። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መንገድ ላይ "የሚወደኝ ይመስልሻል?" አሉ። "ለምን አይወድዎትም?" አልኩ። እኔ ሰኞ ለዳያን የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ደወሉን ደወልኩ። በሩን የከፈተው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጠይም፣ ዓይኑ ትልልቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አየኝና "እንዴ! እናቴ፣ እንደምን ዋሉ! ይግቡ፣ ይግቡ" አለኝ፤ በጠራ አማርኛ።

ሚስተር ኬልስቢ እጃቸውን ዘርግተው "ሚስተር ኬልስቢ ቤት ናቸው?" አሉት በእንግሊዝኛ።

"እኔ ነኛ! ኤልያስ ኬልስቢ" አላቸው እየሳቀ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ።

የአባቱ ስም ነው! የመጠሪያ ስሙ ኤልያስ፣ የአባቱ ስም ኬልስቢ። እንደኔ፣ እንደሳምራዊት፣ እንደማናችንም። የዘር ስም አይደለም። ይህን ማንም ፈረንጅ ሪሰርቸር ባያውቅ አይፈረድበትም። አሥራ አንድ ዓመት "የአባት ስም" የሚል ፎርም የሞላሁ እኔ ግን እንዴት ይጠፋኛል? የሰው አገር ደንብ ስሸመድድ የራሴን ረስቼ!

ገባን። ኤልያስ ጉዳችንን አላወቀም፤ ደስ ብሎት በአማርኛ ያወራኛል። ሟቹ አባቱ ሲወለዱ እናታቸው ሦስት ቀን አምጠው ነበር አሉ። ክሊኒክ ወስደዋቸው አንድ ፈረንጅ ሐኪም እናቲቱንም ልጁንም አተረፋቸው። አያት ደስ ቢላቸው ልጁን በሐኪሙ ስም ጠሩት። ሦስቱ የኤልያስ ልጆች እዚህ ስለተወለዱ፣ በፎርሙ ላይ የአባታቸው ላስት ኔም ተጻፈላቸው። ትልቋ ልጅ ከሶፋው ላይ ሆና በእንግሊዝኛ "የአያታችን ስም ነው። ትምህርት ቤት ማንም አይጠራውም፣ ሁሉም ያበላሸዋል" አለች።

ሚስተር ኬልስቢ አልተቀመጡም። መጽሐፉን በደረታቸው ታቅፈው ወደኔ ዞሩ።

"ሥጋዎ ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ትናንት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ የምለውን ሳጠና" አሉ። ኤልያስን በትሕትና ሰላም ብለው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የኤልያስ ሚስት ምሳ አቅርባ ነበር፤ ማንም ሳይነካው ቀረ። አልባኒ ቤታቸው አደረስኳቸው። ሲወርዱ "እባክሽ፣ ከእንግዲህ አትደውዪልኝ" አሉኝ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የምለቅመውም አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት ለዳያን ሁሉንም ነገርኳት። ሳምራዊት እዚያው ቆማ ሰማች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ ፎልደሯን አመጣችና ያንኑ ገጽ ፊቴ አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ገልብጠውት ነበር?" አለች።

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በአማርኛ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦

"እትዬ ወይንሸት፦ የሳን ሆዜው ሰው ሐበሻ ነው፤ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። ኬልስቢ የአባቱ ስም ነው፤ ያዋለዳቸው ሐኪም ስም ነው አለኝ። ከመጽሐፍ ቅዱሱ የተሰረዘው አጎት ይሆን እንዴ? ከተሰረዘው ሥር ያለውን ጽሑፍ ከርስዎ በቀር የሚያነብልን የለም። የክሊኒኩ ካርድ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ አለ፤ ሰው ሲመጣ ያስመጣዋል። እስከዚያ ለሽማግሌው ምንም እንዳንል፤ ተስፋ ሰጥተን ብንነሳቸው ነውር ነው። ሲጣራ ለዳያን አብረን እናቀርበዋለን።"

አብረን ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

"ለምን በቃል አልነገርሽኝም?" አልኳት፤ አፌ ደግሞ አያርፍም።

"በዚያ ሰሞን ሰላምታዬን እንኳን አይመልሱልኝም ነበር፤ ሰኞ ፎልደሩን ጠረጴዛዎ ላይ ላኖርልዎ ነበር" አለች።

እውነቷን ነው። ዳያን "ሁለት ፊርማ ያስፈለገው ለዚህ ነው" አለች። በሳምንቱ ሳን ሆዜን ለሳምራዊት ሰጠቻት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስጋና ሲቀርብ አሜን አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

ካርዱ ከሁለት ወር በኋላ በሚመጣ ሰው እጅ መጣ። ስካን እንዳደርገው ለኔ ተሰጠኝ። ጓንቴን አጠለቅኩ። ፊቱ ላይ የእናቲቱ ስምና የሕፃኑ ክብደት አለ። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሐኪሙ ሙሉ ስሙን በእጁ ጽፏል፦ ኤድመንድ ኬልስቢ። የመጽሐፍ ቅዱሱን ስካን ከፍቼ የተሰረዘውን መስመር አጎላሁት። ከወፍራሙ ቀለም ሥር የመጀመሪያው ፊደል ይታያል፣ የመጨረሻውም፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ቀጥ ብሎ የወጣው የእንግሊዝኛው "ዲ" ዘንግ አለ። ኤድመንድ ነው። በወቅቱ ኦፊስ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ በዓለም ላይ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልኩ አጠገቤ ነው። እጄ ሄደ፤ አልዋሽም።

መልሼ ሰበሰብኩትና ለሳምራዊት ደወልኩ።

"እርስዎ ይንገሯቸው" አለችኝ።

"አትደውዪ ብለውኛል። አንቺ ንገሪያቸው። መጀመሪያ ግን ፈርሚ፤ እኔ ፈርሜያለሁ።"

ኤልያስንና ልጆቹን ይዛ አልባኒ ሄደች። እኔ አልነበርኩም። እሷ እንደነገረችኝ ሚስተር ኬልስቢ ካርዱን መስኮት አጠገብ ወስደው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ብዕር አምጥተው ከተሰረዘው መስመር በላይ "ኤድመንድ" ብለው ጻፉ። ከሱ ሥር የኤልያስን አባት፣ ቀጥሎ ኤልያስን፣ ቀጥሎ ልጆቹን እያስጠሩ ጻፉ። ትልቋን ልጅ "ሰው ስምሽን ሲያበላሸው እንዲህ በዪ" ብለው አጠራሩን አስተማሯት። መጽሐፉን ግን እንዲሁ አልሰጡም፤ በየወሩ መጥታችሁ ምሳ ከበላችሁ ነው የምሰጣችሁ አሏቸው አሉ። ሳምራዊት ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ እዚያ ቤት አለመገኘቴ ነው።

በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የብዛቱን መስመር የጻፈችው እሷ ናት። "በሥጋ ኬልስቢ፦ አንድ። ኬልስቢ የሚባሉ፦ አምስት።" ዳያን እንዲህ ዓይነት መስመር አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ግን አላሰረዘችውም። ከታች ሁለት ፊርማ አለ። የኔ ሁለተኛው ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ጋ ሚልፒታስ ስሄድ አንዳንዴ የሳን ሆዜውን ኦፊስ አልፈዋለሁ። በሩ ላይ የሳምራዊት ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። ዛሬም ሳየው እቀናለሁ፤ አሥር ጊዜ ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ አልለቀቀኝም። ገብቼ ሰላም እላታለሁ። ሻይ ታፈላልኛለች። የከበደ የእጅ ጽሕፈት ሲገጥማት አውጥታ ታሳየኛለች፤ አነብላታለሁ።

አዲስ ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው። ወረቀቱን ገልብጡ። የምትቀኑበት ሰው የጻፈው ከሆነ ደግሞ እሱን አስቀድማችሁ ገልብጡ።